የውሰት ደረት

ጥቅምት 9

ለእታለም፣

«ደህና ነኝ ብለህ እንዳትጀምር፤ እሱን የጭነት መኪናው ሹፌርም ይነግረኛል» ብለሽ ስላስጠነቀቅሽኝ ሌላ መጀመሪያ ስፈልግ ወረቀቱ ባዶውን አደረ። እንግዲህ እንዲህ ልበል፦ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በማዳበሪያ የታጨቀ የድንጋይ ዱቄት ተሸክሜ መኪና ላይ ስወጣ የሚቀድመኝ የለም። ስለ ደረቴ ለጠየቅሽው መልሱ ይኸው ነው። እዚህ በርሜል እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ፤ ስሙ የወጣልኝ ደግሞ በሆዴ አይደለም።

ሚስቴ ምን እንዳለችሽ እንጃ። ማታ ማታ ሳል መስሎ የሚሰማት ጉሮሮዬን ስጠርግ ነው። ቀኑን ሙሉ ነጭ ድንጋይ ሲፈጭ የዋለ ሰው ጉሮሮውን ካልጠረገ የገዛ ልጁን ስም እንኳ መጥራት አይችልም። የሰፋሽልኝን የአፍ መሸፈኛም አልጣልኩትም፣ በየቀኑ አደርገዋለሁ። አምስት ድርብ ስለሆነ የምናገረው ለማንም አይሰማም፤ አለቃችን በዚህ በጣም ተደስቷል። «ለምን ውኃ አይረጩበትም?» ላልሽው፣ ድንጋዩ ከረጠበ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ የጓጎለው ወንፊቱን ይደፍናል፣ ወንፊት ከተደፈነ ሥራ ቆመ ማለት ነው። ቧንቧውማ አለ፤ ከተዘጋ ቆየ እንጂ።

የራጁ መኪና አዎ፣ መጥቶ ነበር። ከኋላው እንደ ክፍል የተሠራ ትልቅ መኪና ነው፤ ግቢው መሀል ቆመ። ስሙ የተጠራ ይገባል፣ ሸሚዙን አውልቆ ደረቱን ከቀዝቃዛ ብረት ጋር ያጣብቃል፣ «ትንፋሽህን ያዝ» ይባላል፣ በቃ። ፎቶውን ሆስፒታል ያለ ሐኪም ያየዋል። ሳንባው ላይ ጥላ የተገኘበት ሰው «ለጤናህ ሲባል» ተብሎ ከሥራ ይሰናበታል። እዚህ ግቢ ውስጥ ከስድብ ሁሉ የሚከፋው ስድብ «ለጤናህ ሲባል» ነው።

አሁን የምነግርሽን ለሚስቴ እንዳትነግሪያት። ወፍጮውን የሚያስኬደው ሽማግሌ ሻለቃ ይባላል። ጦር ሜዳ አይቶ አያውቅም፤ ግን ሲያዝዝ ቀጥ ብለሽ ካልቆምሽለት ይቆጣል። ሌላው ጢሞ ነው፤ ወንፊቱ ላይ አብሮኝ የሚሠራ፣ ጢሙ ዱቄት እንዳይጠጣ በመሐረብ ጠቅልሎት የሚውል። ሁለቱም ይስላሉ። ሻለቃ አምስት ልጅ አለው፣ የሚኖረውም በድርጅቱ ቤት ነው። ጢሞ ደግሞ ሊያገባ ቀን ቆርጧል። የራጁ መኪና ሲገባ ሁለቱም መጡና «በርሜል፣ ደረትህን አውሰን» አሉኝ።

እኔም አዋስኳቸው! ያን ቀን ሆን ብለን አልታጠብንም። ከፀጉር እስከ ቅንድብ ነጭ ሆነን ተሰለፍን። የራጁ ባለሙያ እንግዳ ሰው ነው፤ ለእሱ ሁላችንንም አንድ እናት የወለደችን ነው የምንመስለው። መጀመሪያ ሻለቃ ሆኜ ገባሁ፤ ትንሽ ጎበጥ አልኩለት። ቀጥሎ ጢሞ ሆኜ ገባሁ። የራሴ ስም ሲጠራ ለሦስተኛ ጊዜ ብታይ ይነቃብኛል ብዬ መጋዘን ገብቼ ተደበቅሁ። አለቃውም «እሱን ተዉት፤ የበሬ ደረት ነው ያለው» ብሎ አለፈኝ። ሻለቃ ትከሻዬን ሲስመኝ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ብታዪኝ ትኮሪብኝ ነበር።

ታናሽ ወንድምሽ

ጥቅምት 22

አንተ ልጅ፣

«ተቆጥታለች ወይ?» ብለህ በሹፌሩ ልከህብኛል። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የደንበኛ ቀሚስ እየለካሁ ነበር፤ መርፌ በአፌ እንደያዝኩ አነበብኩትና ልውጠው ምንም አልቀረኝም።

ጀግንነት መስሎህ ነው የጻፍከው። ሽማግሌውን ከእሳት ሊያወጡት ሲሉ በሩን የዘጋህበት አንተ ነህ። አዝነህ እንዳደረግከው አውቃለሁ፣ ሆድህ ቡቡ መሆኑን ማን ከእኔ በላይ ያውቃል? ግን አምስት ልጅ ያለው ሰው የሚስለው ለዘፈን አይደለም። እሺ እሱስ ይሁን፤ አንተስ? ስንት ዓመት ሙሉ ዱቄት ውስጥ ከርመህ፣ ራጁ ደጅህ ድረስ መጥቶልህ፣ መጋዘን ገብተህ ተደበቅህ? ልጅ እያለህም መርፌ ስትፈራ የምትገባው አልጋ ሥር ነበር።

አሁን ስማኝ። የምሰፋላት አንዲት የደረት ሐኪም አለች። ስለ አንተ አላወጣሁም፣ «አንድ ዘመዴ ድንጋይ ወፍጮ ቤት ይሠራል» ብቻ አልኳት። «ነጭ ድንጋይ ነው? አቧራው አየር ላይ የሚቆይ?» አለችኝ። አዎ ስላት የለበሰችውን ቀሚስ መስታወት ሳታይበት ቁጭ አለች። ሳል የግድ አይደለም አለችኝ። ሳንባው መቁሰል ሲጀምር ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ይሸከማል፣ ይስቃል፣ ዓመታት ያልፋሉ።

ልብስህን ሚስትህ በረንዳ ላይ እንደምታራግፈው ራሷ ነግራኛለች፤ ልጅቷም አጠገቧ ትጫወታለች። ከዛሬ ጀምሮ ልብስ አይራገፍም። በር ላይ ይውለቅና ውኃ ውስጥ ይነከር። ለምን ካለችህ «እህቴ አብዳለች» በላት፤ ታምንሃለች።

አንተ ራስህ ደግሞ ሄደህ ታይ። ጆሮ ዳባ ልበስ ካልከኝ መጥቼ ጆሮህን ነው የምይዝህ።

እህትህ

ኅዳር 14

ለእታለም፣

«የሰማሁት እውነት ነው?» ብለሽ የላክሽው ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ። ሹፌሩ ወሬ ሲጭን ከዱቄቱም ይፈጥናል። እውነት ነው።

ሐኪሙ ራሱ ፎቶዎቹን ይዞ መጣ። ሻለቃና ጢሞ ቢሮ ተጠሩ፤ ሁለቱም ሳንባቸው ተጎድቷል ተባሉ። ሻለቃ በዚያው ቀን ተሰናበተ። ድርጅቱ ቤቱን ለጊዜው ትቶለታል፤ ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም። ጢሞን ዘበኛ አድርገው በር ላይ አቆሙት። የእጮኛው አባት ደግሞ ወሬውን ሲሰማ «በሽተኛ ላይ ልጄን አልጥልም» ብሎ ሠርጉን አፈረሰው። ጢሞ ከዚያ ወዲህ ጢሙን በመሐረብ አያስርም።

ግን አስቢው እስቲ! በእኔ ደረት ነው እኮ ሁለቱም የታመሙት! መጀመሪያ እየተያየን ሳቅን፣ በኋላ ነገሩ ገባን። ውጤቱ ቢሮ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነው። አለቃው ማን እንደሚስል በጆሮው ሰምቶ ስም ሰጥቷል፤ ፎቶው ለይስሙላ ነው። ጢሞ በዚህ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ሻለቃ ግን ዝም ብሏል፣ አርጅቷላ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ሐኪሙ ሻለቃን ምን ብሎ ቢጠይቀው ጥሩ ነው? «ከአንገትህ ሥር ወደ ግራ ትከሻህ የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ ጠማማ ገጥሟል፤ ምን ሆነህ ነው?» ሻለቃ ግራ ቢገባው «ጦር ሜዳ» አለው! ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረውን ቁስል በነፃ አገኘ። ግቢው በሙሉ በሳቅ ሞተ።

ለእኔም ዕድል ወጥቶልኛል። የሻለቃን ቦታ ሰጡኝ፤ አሁን የወፍጮው ክፍል አዛዥ ነኝ። «ጤነኛ ደረት ያለው ሰው ነው የምንፈልገው» አለ አለቃው። ክፍሉ ዝግ ነው፤ መስኮት የለውም፣ አምፖሉ በቀን እንኳ ጉም ውስጥ የተሰቀለ ነው የሚመስለው። ሥራው ግን ጉልበት አይጠይቅም፣ ጆሮ ነው የሚጠይቀው። ወፍጮው ሲጠግብ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲርበው ይንጫጫል። ሻለቃ ይህን ሰባት ዓመት አጠገቡ ሆኜ ስሰማ ሳላውቀው አስተምሮኛል። የማያውቅ ሰው ወፍጮውን ከልክ በላይ እያጎረሰ ያስጨንቀዋል፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ በእጁ መጥረግ ነው፣ ያኔ ዱቄቱን በአፍ በአፍንጫ መጋት ነው። እኔ ክዳን የምከፍተው ከስንት አንዴ ነው።

ልብሱ እየተነከረ ነው፣ አትቆጪ።

ታናሽ ወንድምሽ

ኅዳር 19

ወንድምዬ፣

ሰላምታ የለኝም። ቁጭ ብለህ አንብብ።

ከጎረቤት ግንብ ላይ ወድቆ የግራ ትከሻውን የሰበረው ማን ነው? ወጌሻው ሲያሽህ እግርህን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠማማ እንደገጠመ እናታችን እስክትሞት ስትቆጭ ነው የኖረችው። ልብስ ስሰፋልህ ግራውን ትከሻ ዝቅ አድርጌ የምቆርጠው ለምን ይመስልሃል?

ውጤቱ ቢሮ ውስጥ የተጻፈ ቢሆን ሐኪሙ ያን አጥንት ከየት አመጣው? ከሻለቃ ሳል ውስጥ ሰማው? ፎቶውን አይቶታል፣ አተኩሮ ነው ያየው። አጥንቱ ያንተ ነው። ከአጥንቱ ጀርባ ያለው ሳንባም ያንተ ነው። አንድ ሰው በሁለት ስም ታሞ፣ ስሞቹን አሰናብተው ሰውየውን ወፍጮ ክፍል አስገቡት። አንተ ደግሞ ዕድል ወጣልኝ ብለህ ትጽፍልኛለህ!

ደብዳቤህን እንደጨረስኩ ሱቄን ዘግቼ ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ «ወንድሜ ነው» አልኳት። አስቀምጣ አስረዳችኝ፤ እኔ እንደገባኝ ልንገርህ። በዐይንህ የምታየውን አቧራ አፍንጫህ ይይዘዋል፣ ታስነጥሰዋለህ፣ ትተፋዋለህ። የሚጎዳህ የማታየው ነው። እሱ ሳንባህ ሥር ድረስ ወርዶ እዚያው ይቀራል፤ ሰውነትህ ሊያወጣው ሲታገል ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው እየሰፋ ሲሄድ መተንፈሻ ቦታ ያጣል። የሳንባ ነቀርሳም እንዲህ ያለ ሳንባ ሲያገኝ አይለቅም፣ ካንሰርም እንዲሁ። አቧራው ውስጥ በቆየህ ቁጥር ይፈጥናል።

መሸፈኛውን ወስጄ አሳየኋት፤ ያንተን መንትያ ለናሙና አስቀርቼ ነበር። አምስቱን ድርብ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ስፌቱ በጣም ያምራል» ብላ መለሰችልኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ዳር ዳር አትበልብኝ። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፦ ከዚያ ክፍል መቼ ትወጣለህ?

እህትህ

ታኅሣሥ 6

ወንድምዬ፣

ሹፌሩ «ሰጥቼዋለሁ፤ አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው» አለኝ። ምን አለህ ስለው «ሰላም በላት አለኝ» አለ። ሰላምህን ለራስህ አድርገው! እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው።

እንቅልፍ የለኝም። የስፌት መኪናዬ ሲንቀሳቀስ ያንተ ወፍጮ የሚጮህ እየመሰለኝ አቆመዋለሁ። የሰው ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ሰፍቼ ደንበኛ ተጣላኝ። ሹፌሩን ፊቱ ከሳ ወይ፣ ሲራመድ ይቆማል ወይ እያልኩ አስጨነቅሁት፤ «እሜቴ፣ እኔ ሁሉንም ነጭ ሆነው ነው የማያቸው፤ የከሳ ያልከሳ አልለይም» አለኝ።

የሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ ደብዳቤ ከሌለ ለሚስትህ እጽፋለሁ። እሷ ደግሞ እንደ እኔ በወረቀት አታባብልህም።

እህትህ

ታኅሣሥ 15

ለእታለም፣

ዝም ያልኩት ተናድጄ እንዳይመስልሽ። ወይም ይምሰልሽ፣ ተናድጄ ነበር። ሰው እንዴት አንድ ሺህ ጊዜ ደህና ነኝ እያለ እንዳልሆነ በደብዳቤ ይነገረዋል?

«ከእኔ በፊት አውቀኸው ነበር ወይ?» ብለሽ ለሹፌሩ በቃል የነገርሽው ደርሶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሻለቃ ስለ አጥንቱ ሲያወራልን እጄ ሳላዘው ወደ ትከሻዬ ሄደ። ከሁሉም ቀድሜ የሳቅሁትም እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው እስኪነግረኝ የምጠብቅ ይመስል በየቀኑ ወፍጮ ክፍል ገባሁ።

ፈርቼ ነው። ሞትን አይደለም፣ እሱ ገና ሩቅ ነው እያልኩ አታልለዋለሁ። የፈራሁት እዚህ ያለውን ነው። ማጭበርበራችን ከታወቀ ሻለቃን ከቤቱ ያስወጡታል፣ ጢሞንም ከበሩ ያባርሩታል። እኔም ሌላ ሥራ አላውቅም። በዚህ ላይ ሰው ሁሉ በርሜል እያለ ሲጠራኝ ኖሮ ድንገት «ምስኪን» ሊለኝ ነው። ይኼ ያሳፍራል? ያሳፍራል።

እሑድ ሻለቃ ቤት ሄድኩ። አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደ ፊት አዘንብሎ ነበር። እንደዚያ ካልሆነ አየር አይገባለትም። ሊቀበለኝ እስከ በሩ መጥቶ ወደ አልጋው ሲመለስ ሁለት ጊዜ ቆመ። ልጆቹ እሱ ሲያርፍ አብረው ቆመው መጠበቅ ለምደዋል።

«ሻለቃ፣ ያ ፎቶ የእኔ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ ትስቅ ነበራ። የሚስቅ ሰው ላይ እንዴት ብዬ ላውጣው?»

ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። ከዚያ እንደ ድሮው አዘዘኝ፦ «ሂድ ታይ። እኔን አትቁጠረኝ፤ እኔ በቤትም ያለ ቤትም ያው ነኝ። ያቺን ልጅህን አስብ። ሂድ ብዬሃለሁ!» ድምፁ ግን የሻለቃ አልነበረም፤ ልጆቹ እንኳ ቀና አላሉም።

ቤት ስገባ ሚስቴ ልብሴ የተነከረበትን ባልዲ እያየች ተቀምጣ ነበር። ከታች ነጭ ሸክላ የመሰለ ነገር ተኝቷል። «ይኼ ከላይህ የታጠበው ነው፤ ከውስጥህስ ማን ያጥበዋል?» አለችኝ። አንቺ ጽፈሽላት ነው ብዬ ነበር። ማንም አልነገራትም።

ሰኞ ሦስታችንም ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ጢሞ እያጉረመረመም ቢሆን እሺ ብሏል። በዚህ ጊዜ ታጥበን፣ በየስማችን ነው የምንገባው።

ወንድምሽ

ጥር 3

ለእታለም፣

«ሐኪሙ ተቆጣችሁ?» ላልሽው፣ አልተቆጣም። ፎቶዬን አዲስ አነሳኝና ከድሮዎቹ ሁለቱ አጠገብ መብራቱ ላይ ሰቀለው። ሦስት ጠማማ አጥንት ተደረደረ። ትከሻዬን በጣቱ ነካ አድርጎ «አንተ ነህ ለካ» አለኝ። ለካስ ያኔውኑ ተጠራጥሮ ለአለቃችን «ሁለቱ ፎቶ የአንድ ሰው ይመስላል፤ ስም ተቀያይሮ እንዳይሆን» ብሎት ነበር። አለቃችንም «ሁለቱም ይስላሉ፣ ምን ያጠራጥራል?» ብሎ ዘጋው። እንዲያው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትንም ነበር።

የእኔ ልክ ሐኪሟ እንዳለችሽ ነው። ከላይ በሁለቱም በኩል አሸዋ የተበተነ ይመስላል። በሽታው ስሙ ሲሊኮሲስ ነው ተባልኩ፤ ጢሞ የሴት ስም መሰለኝ አለ።

የሻለቃን ፎቶ ሐኪሙ ብዙ አላየውም፤ አየት አደረገና ወንበሩን ወደ ሻለቃ አስጠግቶ ተቀመጠ። ነቀርሳም ደርቦበታል። መድኃኒት ጀምሮ እዚያው ተኝቷል። ለነቀርሳው ነው መድኃኒቱ፤ ለሌላው የለም።

ጢሞ ደግሞ ንጹሕ ነው። ሳሉ የሲጋራ ነው። ሰምቶ መጀመሪያ አላመነም፣ ከዚያ የሐኪሙን ግንባር ሳመው፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። የእጮኛው አባት ወረቀቱን አይቶ ታርቋል፤ የሠርጉ ቀን እንደገና ተቆርጧል።

አለቃችን ሲሰማ ይጮኻል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ «ሻለቃ ከነቤቱ ይቆይ፣ ማጭበርበሩንም እንርሳው» አለ። ከዚያ የሚፈልገውን ተናገረ። ወፍጮ ክፍሉን ለጢሞ ሰጥቶታል። «ጤነኛ ደረት በወረቀት የተረጋገጠለት እሱ ብቻ ነው» አለኝ። ጢሞም ደመወዙ የተሻለ ስለሆነ፣ ሠርግም ስላለበት ወዲያው እሺ አለ። እኔ አንድ ወር አብሬው ሆኜ ጆሮውን እንዳስለምደው፣ ከዚያ በሰላም እንድሰናበት ነው ስምምነቱ።

አትጩኺብኝ። ጢሞን ብቻውን ብተወው ወፍጮውን በቀን አሥሬ ያስጨንቃል፣ አሥሬ ክዳን ይከፍታል። የእኔ ደረት ነው ሠርጉን ያፈረሰበት፤ አሁን ደግሞ ዐይኔ እያየ ሳያውቅ እንዲገባበት ልተወው? ሰባት ዓመት አቧራ ውስጥ ከቆየሁ በኋላ አንድ ወር ምን ይጨምርብኛል? ወሩ ሲያልቅ ሚስቴንና ልጄን ይዤ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ።

ተለይታ የታጠፈችውን ትንሿን ወረቀት ብቻሽን አንብቢያት። መልሱን ለሚስቴ አትንገሪያት።

ወንድምሽ

ጥር 11

ወንድምዬ፣

ትንሿን ወረቀት ብቻዬን አነበብኳት። «ስንት ጊዜ ይቀረኛል?» የምትለዋን ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ፤ ያንተንም ፎቶ ሹፌሩ አምጥቶልኝ ስለነበር ሰጠኋት። መስኮቱ ላይ ይዛ አየችው። እኔ እሱን ማየት አልቻልኩም፣ ፊቷን ነበር የማየው።

የምትለኝን አንድ ሳልቀንስ ልጽፍልህ ቃል ገብቻለሁ። አይድንም። ጠባሳ የሆነው ሳንባ ተመልሶ ሳንባ አይሆንም፤ እዚህም ሌላም አገር መድኃኒት አልተገኘለትም። ከወጣህ በኋላም ባለበት ላይቆም ይችላል፤ ግን ብዙ ሰው ቀስ እያለ ይሄድለታል፣ ብዙ ዓመት ይኖራል፣ ይሠራል፣ ልጁን ይድራል። ዓመቱን ቁጠሪልኝ ብላት እምቢ አለችኝ። «ቁጥሩን የሚያውቀው አቧራው ነው» አለች። ነቀርሳ እንዳይዝህ በየጊዜው ትታያለህ፣ ሲጋራ የምትባል ነገር አጠገብህ አትደርስም።

ስለ አንድ ወሩ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «እስካሁን የተነፈሰው አንድ ላይ ተጠራቅሞ ነው ያለው። አሁን እያንዳንዱ ቀን የሚጨመረው በሞላው ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ አልያዘልኝም።

ጢሞ አንጀትህን እንደበላው አውቃለሁ። የእኔንም በልቶታል። ግን ወፍጮ ማዳመጥ ስታስተምረው ምን እያደረግህለት እንደሆነ አስበኸዋል? ያ ክፍል ጆሮ ላለው ሰውም አይራራም። ሻለቃ ከሁላችሁም የበለጠ ጆሮ ነበረው፤ አልጋው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ጢሞን ከወደድከው ፎቶህን ብርሃን ላይ ይዘህ አሳየው፤ እንደ እኔ ፊቱን አያዙር፣ ይየው። «ሳልጀምር ቧንቧውን ክፈቱልኝ፣ ወንፊቱ ይደፈን እንጂ የእኔ ሳንባ አይደፈን» ይበል። እምቢ ካሉት ዘበኝነቱ ላይ ይቆይና በዘበኛ ደመወዝ ያግባ። የሠርግ ልብሱን እኔ እሰፋለታለሁ፣ በነፃ፣ እንደ ወንድሜ። ከዚህ በላይ የምሰጠው ደረቴን ነው ብለህ ግን እንዳትነግረኝ።

ይህን ሁሉ ልጽፍልህ አልፈለግሁም ነበር። በአፌ ልነግርህ ቆርጬ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። «አይድንም» ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ ያው ይጠፋል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ደብዳቤውን ለሹፌሩ አልሰጠሁትም። ዛሬ ባዶውን ሲመለስ ጋቢናው ውስጥ ገብቼ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ሚስትህንና ልጅህን ከነጓዛቸው እንጭናለን፣ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አስጠራሃለሁ። ይህን ስታነብ የሰጠሁህ በገዛ እጄ ነው፤ ፊት ለፊትህ ቆሜያለሁ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። አለቃህን ልሰናበት፣ ለጢሞ አንድ ነገር ላሳየው ብለህ ወደዚያ ክፍል አንድ እርምጃ እንዳትመለስ፤ ፎቶህን ይዤዋለሁ፣ ጢሞን ወደ በሩ እናስጠራዋለን፣ የሚነገረውን እዚሁ አየር ላይ ይሰማል።

በእጄ የያዝኩት ጥቅል አዲስ ልብስ ነው፤ ሸሚዝና ሱሪ፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ የተቆረጠ። የለበስከውን እዚያው በሩ ላይ አውልቀህ ጣለው። ጋቢናው ውስጥ ልጅህ አለች፣ ከዚያ ልብስ አንድ ቅንጣት ይዘህ አትገባም። ሰው ያየኛል ብለህ አትፈር፤ በልጅነትህ ያጠብኩህ እኔ ነኝ።

እሺ፣ ካፈርክ ፊቴን አዙሬያለሁ። አውልቅ፣ ወንድምዬ፣ ቶሎ በል።